ስትግል የምትጠፋው ዲቲ

ናይሮቢ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ፣ ለአባባና ለቤቱ በሙሉ።

የዚህ አገር ብርድ ጉድ ነው። ኬንያ ሲባል በረሃ ብቻ የሚመስለው ሰው ሐምሌን እዚህ መጥቶ ይሞክረው፤ የላክሽልኝን ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ። የአባባ ስኳር ስንት ሆነ? ባለፈው በስልክ ስጠይቅሽ ወሬ ቀየርሽብኝ፤ ነቅቼብሻለሁ።

ኑሮው እሳት ነው። የበቆሎ ዱቄት ሁለት ኪሎው ከ200 ሽልንግ አልፏል፤ ቤንዚን ሊትሩ 159 ገብቷል። እናንተ ጋ 47 ብር አለፈ የተባለው እውነት ነው? ቁርሴ ሻይና የ20 ሽልንግ ቻፓቲ፣ ምሳዬ ባቄላ በሩዝ ነው። ሽሮ አምሮኝ ኢስሊ ሰፈር የወረድኩ ቀን የግማሽ ቀን ገቢዬን በልቼ እመለሳለሁ። የኬንያ ምርጫ ነሐሴ 3 ስለሆነ አጥሩ ሁሉ የዕጩዎቹን የሩቶንና የራይላን ፎቶ ለብሷል። የማን ነህ ሲሉኝ የማንም አይደለሁም፣ ሐበሻ ነኝ ብዬ አልፋለሁ። ማታ ማታ መሥራት ትቻለሁና አባባ እንዳይሰጉ ንገሪያቸው።

ምግብ የማደርስባት ሞተሬ ያዋረደችኝን ልንገርሽ። ኪሊማኒ ሰፈር አንድ ፎቅ ቤት ምግብ ላደርስ ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ ጭጭ አለች። ጥበቃው ወጥቶ “ይህን ቆሻሻ ከዚህ አንሣ” ብሎ በእግሩ ገፋት። እኔን ከሚገፋኝ ይልቅ እሷን መግፋቱ አናደደኝ። ደንበኛዋም ምግቡ ቀዝቅዟል ብላ መለሰችው። አጥር ሥር ተቀምጬ የሰው ዶሮና የሰው ድንች ጥብስ በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ እንደነበረ ለአባባ አታንብቢላቸው። ልጅሽንስ ሳሉ ለቀቀው?

ከዚህ በታች ያለውን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለአባባ አንብቢላቸው።

አባባ፣ የገዛኋት ሞተር እርስዎ ግብርና ሳሉ ይነዷት የነበረችዋ ዓይነት ዲቲ 125 ናት፤ የእኔዋ በፑንቲና ሳይሆን በሲዲአይ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ሳጥን፣ የምትሠራዋ ናት። ዕድሜዋ ብዙ ነው። ጠዋት አንዴ ሲረግጧት ትነሣለች። ንጎንግ መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቆ ግማሽ ሰዓት ያህል ስትግል ግን ሳትንተፋተፍ ድንገት ትጠፋለች። ጥላ ሥር አቁመው ሃያ ደቂቃ ቢታገሷት ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ጤነኛ! ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚተው የጥርስ ሕመም ናት።

ኪሪኛጋ መንገድ ላይ ያለው መለዋወጫ ሻጭ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ካንዴላ፣ ሌላው ቦቢና፣ ሦስተኛው ካርቡራተር ይላል፤ የታመመው ሁልጊዜ እነሱ መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ነው። በ350 ሽልንግ ካንዴላ ብቻ ገዝቼ ሌላውን እምቢ አልኳቸው። የእርስዎ ልጅ ነኝ፤ ይህን በሽታ በሽታው ሳለ ካልያዙት አይያዝም።

ስለዚህ ኪሊማኒ ደንበኛዋ በር ላይ ስትጠፋብኝ፣ እንደጋለች፣ ካንዴላዋን ፈትቼ ቴስታታው ላይ አስጠግቼ ረገጥኩ። ብልጭታ የለም። ጡሩምባው ይጮኻል፣ ፍሬቻውም ይበራል፤ ግን እነሱ ከባትሪ ስለሚያገኙ ስለ ካንዴላው እሳት የሚመሰክሩት ነገር የለም። ብልጭታ ኖሮ ቢሆን የቤንዚን ሰርባቶዮውን ክዳን እጠረጥር ነበር፤ የክዳኑ መተንፈሻ ሲደፈን ቤንዚን አይወርድምና እሱም በሙቀት የሚጠፋ ያስመስላል። ቀጥዬ ከማጥፊያው የሚመጣውን ነጭ መስመር ያለበትን ጥቁር ሽቦ ነቀልኩ። አሁንም የለም፤ ስለዚህ ቁልፉና ማጥፊያው ነጻ ናቸው። መሪውን ግራ ቀኝ አዞርኩ፤ አንገቷ ጋ የተላጠ ሽቦ ቢኖር አንዱ ጋ ይነሣ ነበር። የቀሩት ቦቢናው፣ ሲዲአይ ሳጥኑና ቮላኖው ሥር ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ናቸው።

በማግስቱ ቴስተር ተውሼ ኢስሊ ወደምታውቀኝ ሐበሻ ፀጉር ሠሪ ሄድኩ። የፀጉር ማድረቂያ ፎኗን አዋሰችኝ። ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች “ፒያስትራ ልትሠራላት ነው?” ብለው ሳቁብኝ። አባባ፣ ካገሬ ከወጣሁ እንዲህ የሳቅኩበት ቀን የለም። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከጥቅሉ በሚወጣው ሽቦ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት (በማሳው) ላይ አድርጌ ለካሁ፤ እንደቀዘቀዘ 300 ኦም ገደማ አነበበ። በቮላኖው ቀዳዳ በኩል በፎኑ ሳሞቀው ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ከዚያ ድንገት ጠፍቶ 1 ብቻ ቀረ። ፎኑን ወደ ቀዝቃዛ አዞርኩት፤ ተመለሰ። ቦቢናውንም አሙቄ ለካሁት፤ ፈቀቅ አላለም። ስለዚህ ጥቅሉ ነው። ቀጭኑ መዳብ አንድ ቦታ ተበጥሶ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ለሲዲአዩ ኃይል የሚሰጠው እሱ ስለሆነ እሱ ሲቋረጥ ብልጭታ የለም። ሻጮቹ የተናገሩት አንዱም አልነበረም!

ዲናሞ የሚጠቀልል ሰው 1,500 ሽልንግ ጠይቆኛል፤ ወደ 1,200 ላወርደው እየተከራከርኩ ነው። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት፣ ሳትግል፣ አጭር አጭር መንገድ እሠራባታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የማናግረው ሰው ሲጠፋ እሷን እፈታታለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዲኖር ነው።

ጓሮ የቆመችው የእርስዎ ዲቲ የፑንቲና ናት ወይስ የሲዲአይ? ረሳሁት። የፑንቲና ከሆነች ጥቅሏ ለእኔ አይሆንምና አይድከሙ። የሲዲአይ ከሆነች ግን ያስፈቱልኝና እስከ ሞያሌ በሚወርድ ሾፌር ይላኩልኝ። ቮላኖውን በመዶሻ እንዳይመቱት አደራ፤ መንቀያው እዚያ ቤት አልጋዬ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ አለ።

እትዬ፣ የአባባን ስኳር ከምግብ በፊትና በኋላ ለክተሽ በቁጥር ጻፊልኝ። “ደህና ናቸው” የሚል መልስ አልቀበልም።