የአባባ ኮዳ



በዚህ ሳምንት የምናጫውታችሁ ስለ አያታችን ነው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው «አባባ» እንላቸዋለን። ያደግነው መንዝ፣ ከእሳቸው ቤት ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተን እንማራለን። ክረምቱን ደግሞ ከእናንተ ጋር ፊደል እንቆጥራለን።

አባባ ገበሬ ናቸው። ገብስ ያርሳሉ፤ በግ ያረባሉ። በቤታቸው ምሰሶ ላይ አንዲት አሮጌ የወታደር ኮዳ ተሰቅላለች። ኮዳዋ ሁልጊዜ ውኃ ሙሉ ናት። ማታ ማታ አባባ ያዩአታል። ጎድላ እንደሆነ ይሞሏታል።

ልጆች ሳለን አንድ ቀን ለጨዋታ ብለን ውኃውን ደፋነው። አባባ ቁጡ ሰው አይደሉም። ያን ቀን ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። አልመቱንም፤ አልተሳደቡም። ከደጅ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽ አልገቡም።

እማማ፣ ሴት አያታችን፣ «ሁለተኛ እንዳትነኩት! ውኃው የሰው ነው» አሉን። የማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

ሌላም ነገር ነበር። ክረምት ሲገባ ነጎድጓድ ይበዛል። ሰማዩ ሲጮኽ አባባ መሬት ላይ ይወድቃሉ። ሌሊትም በእንቅልፍ ልባቸው «ተኛ! ተኛ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጎረቤት «ጋኔን ነው» አለ። ጸበልም ተጠመቁ። ጩኸቱ ግን አልተወም። መላውን ያገኙት እማማ ናቸው። አይነኳቸውም። ራቅ ብለው ቆመው፣ በቀስታ «አንቱ፣ እኔ ነኝ። ከቤትዎ ነዎት» ይሏቸዋል። ያን ጊዜ ይረጋጋሉ።

ነገሩን የሰማነው ካደግን በኋላ ነው። አንድ ቀን አባባ ራሳቸው ጠርተው አስቀመጡንና ነገሩን።

በ1969 ዓ.ም. ከየአገሩ ገበሬ ለሚሊሺያ ተጠራ። አባባም በሬያቸውን ፈትተው ሄዱ። አዲስ አበባ አጠገብ፣ ታጠቅ በሚባለው ጦር ሰፈር ሠለጠኑ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የዚያድ ባሬ ጦር ከሶማሊያ ድንበር ጥሶ ገባ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች። አባባ ወደ ሐረር ዘመቱ።

«እኛ ብርድ ያሳደገን ሰዎች ነን» አሉ። «ያ አገር ለእኛ ቆላ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል። ውኃ በኮዳ ክዳን እየተሰፈረ ነበር የሚሰጠን።»

ከጎናቸው አንድ የጎጃም ልጅ ነበር። እንደ ወንድም ሆኑ። «ከሞትኩ ለእናቴ ንገርልኝ» ተባባሉ። ካራማራ ተራራ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ልጁ ሆዱን ተመታ። «ውኃ፣ ወንድሜ፣ ውኃ» አለ። በአባባ ኮዳ ውስጥ ውኃ ነበር። ነገር ግን ሲሠለጥኑ «ሆዱን የቆሰለ ሰው ውኃ አይሰጠውም» ተብለው ተምረዋል። ከለከሉት። ልጁ ውኃ እንደለመነ ሞተ።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ሰው ጨፈረ። አባባ ኮዳቸውን ታቅፈው ተቀመጡ።

«ትምህርቱ ልክ ነበር። በኋላም ሐኪም ጠይቄ ልክ ነው ብሎኛል። ልቤ ግን እሺ አላለኝም» አሉን።

ለልጁ እናት ደብዳቤ መጻፍ ነበረባቸው። ያን ጊዜ ግን ፊደል አልቆጠሩም። ሌላ ሰው ሊጽፍላቸው ይችል ነበር። «ልጅሽን ውኃ ከለከልኩት» የሚለውን ቃል ግን በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ አቃታቸው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። አባባ ተመዘገቡ። መጻፍ ሲችሉ መጀመሪያ የጻፉት ለዚያች እናት ነው። አንዷን ገጽ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። አዲስ አንባቢ ድምፅ ሳያወጣ ማንበብ ይቸግረዋል። አባባም የጻፉትን ጮክ ብለው ሲያነቡ እማማ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሰሙ። የባላቸውን ሕመም ያወቁት ያን ዕለት ነው።

ደብዳቤው በነጋዴ እጅ ወደ ጎጃም ሄደ። መልስ አልመጣም። ይድረስ አይድረስ አባባ እስከ ዛሬ አያውቁም። «ቢሆንም ከጻፍኩት ወዲህ ሌሊቱ ትንሽ ቀለለኝ» ይላሉ። ደግሞም፣ «በወዲያ በኩል የሞቱትም እናት ነበራቸው። እነሱንም ውኃ ጠምቷቸው ነበር» ይላሉ።

ነጎድጓዱ ዛሬም ያስደነግጣቸዋል። ጦርነቱ ካለቀ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከአባባ ቤት ግን ጨርሶ አልወጣም። እኛም እንደ እማማ ራቅ ብለን እንጠራቸዋለን።

ውድ አንባቢዎች፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ የቀድሞ ወታደር ይኖር ይሆናል። ሌሊት ቢጮኽ አትሳቁበት። ጋኔን ነውም አትበሉ። ከጦር ሜዳ የተረፈ ድንጋጤ ነው፤ በብዙ ወታደር ላይ ይደርሳል። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢታይ ይረዳዋል። ተናገር ብላችሁም አታስጨንቁት። ሊናገር የፈለገ ቀን ግን ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙት። ጻፉልኝ ካለም፣ እነሆ፣ አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።