አሮጌው ተርጓሚ

ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጦ ሲብሰለሰል አገኘሁት። መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት ሊኑክስ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ድጋፉ የተቋረጠው ሴንቶስ 7 ነው፤ ኮምፓይለሩም ጂሲሲ 4.8.5። ኮምፓይለር እንግዲህ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ መሆኑ ነው። የልጄ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ 17 የተጻፈ ስለሆነ ሽማግሌው አልገባውም።

«ታዲያ ነቅለህ አትጥለውም?» አልኩት።

«አይ አባዬ! ሲስተሙ ራሱ የተሠራው በእሱ ነው። አዲሱን ጎኑ አስቀምጬ ስፈልግ እጠራዋለሁ።»

ዝም አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የአንድ አዛውንት መምህር የግዕዝ ኮርስ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ እንዲቀር እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነበርኩ። ኮርሱ በአዲስ ተተካ። ዛሬ አንድ የብራና ገጽ ሲያስቸግረኝ የምደውልላቸው ሰው የለኝም።

ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻል ነበር እኮ።