ንፋስ ይመታናል

ከነብርም ከጅብም ይልቅ ንፋስ የምንፈራ ሰዎች ነን። ሚኒባስ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ተጠቅጥቆ ላቡ በፊቱ እየወረደ፣ አንዱ ደፍሮ መስኮት ቢከፍት ከኋላ «እባክህ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ መነሳቱ አይቀርም።

እኔ ይህን ፍርሃት የተማርኩት መካነ ኢየሱስ ነው። እስቴ ደጋ ነው፤ ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት አንድ በር እንጂ መስኮት አልነበረውም። የምድጃው ጭስ በሣር ክዳኑ እየሾለከ ስለሚወጣ፣ ከሩቅ ሲያዩት የሚጨሰው ራሱ ቤቱ ይመስል ነበር። እኛም ከውስጥ ዓይናችንን እያሸን እንስል ነበር። ደግነቱ ጭስ መኖሩን አይደብቅም።

ራዶን የሚባለው ጋዝ ግን ይህን ያህል እንኳ ጨዋነት የለውም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያስለቅስ። በዐለትና በአፈር ውስጥ ያለው ዩራኒየም በዘመናት ብዛት ሲፈርስ ራዲየም ይሆናል፤ ከራዲየም ደግሞ ራዶን ይወለዳል። ሜዳ ላይ ሲወጣ ንፋስ ይበትነዋል። በወለል ስንጥቅ ወደ ተዘጋ ቤት ወይም ወደ ማዕድን ዋሻ ሲገባ ግን ይጠራቀማል። ከእሱ የሚወለዱት ጨረር አመንጪ ብናኞች ከአየር ጋር ተስበው ሳንባ ላይ ይቀመጣሉ። በብዙ አገሮች ከሲጋራ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ዋነኛው ምክንያት እሱ ነው፤ አጫሽ ለሆነ ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ ድርብ ነው።

በጀርመን አገር፣ በሽኔበርግ የማዕድን ቆፋሪዎች ለዘመናት እያሳላቸው ይሞቱ ነበር። በሽታው የሳንባ ዕጢ መሆኑን ሁለት ሐኪሞች የገለጹት በ1879 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ያኔ ጋዙ ራሱ ገና አልታወቀም። የመኖሪያ ቤት ነገር ዓለምን ያስደነገጠው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ፣ ፔንስልቫኒያ ውስጥ ስታንሊ ዋትራስ የተባለ መሐንዲስ ወደሚሠራበት የኑክሌር ጣቢያ ሲገባ የጨረር ማስጠንቀቂያው ይጮህበት ጀመር። ልብ በሉ፣ ሲወጣ አይደለም፤ ሲገባ ነው! ጨረሩን ይዞ የሚመጣው ከገዛ ቤቱ ነበር።

ወደ አገራችን ስመለስ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ጉጂ፣ ወደ ቀንጢቻ ነው። ታንታለም የሚወጣበት የቀንጢቻ ዐለት ዩራኒየምና ቶሪየም አብሮ የያዘ ነው። ማዕድን ሲቆፈር ክብደቱ ይመዘናል፣ ጥራቱ ይለካል። የጎረቤቱ ሰው የሚተኛበት ቤት አየርም ቢለካ ምን ነበረበት? መሣሪያው እኮ ተአምር አይደለም፤ ለወራት ግድግዳ አጠገብ ተሰቅሎ የሚነበብ፣ ትንሽ ፕላስቲክ ያለበት ዕቃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጠው ልክም በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ቤክሬል ነው። ከዚያ ካለፈ ወለል ይደፈናል፣ አየር መውጫ ይበጃል።

የእኛ የጉና ዙሪያ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ እንደ ግራናይት ብዙ ዩራኒየም አይዝም። ስለዚህ አክስቴን በራዶን ላስፈራራት አልፈለግሁም። ጭሱ ይበቃታል። ሣሩ በቆርቆሮ ከተተካ ወዲህ ደግሞ ጭሱ መሹለኪያ አጥቶ ቤት ውስጥ ይዞራል። ባለፈው ስሄድ «እትዬ፣ እዚህ ጋ መስኮት እናውጣለት» አልኳት።

«ልጄ፣ በመስኮት የሚገባው ብርድ፣ የሚወጣው ሙቀቴ» አለችኝ።

ሁለት ቀን ተከራከርን። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ጠርተን ከምድጃው በላይ ግድግዳውን ሁለት ክንድ ያህል አስከፈትነው። ጭሱ በዚያ በኩል እየተጎተተ ሲወጣ ቆማ አየችና «እንዴት ይሮጣል!» አለች። ማታ ግን ከመተኛቷ በፊት አሮጌ ነጠላዋን ጠቅልላ ወተፈችበት።