የተረሳው የጓዝ ሹም

የጦርነት ታሪክ ሲነገር የአድማጭ ጆሮ የሚያዘነብለው ወደ ጎራዴውና ወደ መድፉ ነው፤ አጋሰስ የጫነው፥ ድንኳን ያሰናዳው፥ የወንዙን መሻገሪያ አስቀድሞ የመረመረው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ዘመናችንን ከደብዳቤና ከመዝገብ ጋር የምናሳልፍ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ይህን ጥያቄ ችላ ልንለው አይገባንም። ስለዚህ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ስለ ደከመው፥ ዝናው ግን በጌታው ዝና ጥላ ሥር ስለ ቀረው ስለ ጄኔራል ናትናኤል ግሪን ጥቂት ለማለት ወደናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሪን በ1742 በሮድ አይላንድ ተወለደ። ቤተሰቡ በብረት ሥራ የሚተዳደር፥ ጦርነትንም የሚያወግዘው የኩዌከር ማኅበር አባል ነበር። በትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም፤ ዕውቀቱን ያገኘው መጻሕፍት እየገዛ ለብቻው በማንበብ ነው። አንድ እግሩ ያነክስ ነበርና በ1774 የአገሩ ሰዎች የጦር ጓድ ሲያቋቁሙ አንካሳ ለመኮንንነት አይገባም ተብሎ ሹመት ተከለከለ። እርሱ ግን ሳያኮርፍ በተራ ወታደርነት ተሰለፈ፤ በዓመቱም ጄኔራል ሆነ።

በ1778፥ ሠራዊቱ በቫሊ ፎርጅ ሰፈር በብርድና በችጋር ከተጐዳ በኋላ፥ ዋሽንግተን ግሪንን የጋሪ፥ የፈረስ፥ የድንኳንና የገፈራ ዋና ሹም አደረገው። ግሪን ሹመቱን የተቀበለው ሳይወድ ነበር፤ የጓዝ ሹም ስም በታሪክ ተነሥቶ እንደማያውቅ ለዋሽንግተን በደብዳቤ አመልክቷል። ቢሆንም ሁለት ዓመት ያህል በትጋት ሠራ። ያ ያልወደደው ሥራ ነበር ኋላ አገሩን ያዳነው።

በ1780 የደቡቡ ጦር በካምደን ድል ስለ ሆነ፥ የቀረውን እንዲሰበስብ ግሪን ተላከ። ያገኘውም የተራበና የተራቆተ ሠራዊት ነበር። ግሪን ለውጊያ አልቸኰለም፤ የፖላንዱ መሐንዲስ ኮሽቹሽኮ ያለባቸውን መኮንኖች ልኮ ወንዞቹን አስመረመረ፥ ጀልባም አሰናዳ። በ1781 መጀመሪያ ከእርሱ ጦር የተከፈለው ክፍል በዳንኤል ሞርጋን መሪነት በካውፐንስ ድል አደረገ። የእንግሊዙ አዛዥ ሎርድ ኮርንዋሊስ ተቈጥቶ፥ እግሩ እንዲፈጥንለት የገዛ ጓዙን በእሳት አቃጥሎ ተከተለ። ከዳን ወንዝ ዳር በደረሰ ጊዜ ግን ግሪን አስቀድሞ ባሰናዳቸው ጀልባዎች ተሻግሮ ነበር፤ ኮርንዋሊስ መሻገሪያ አጥቶ ቀረ። ጓዙን ያቃጠለና ጓዙን የቈጠረ ሲገናኙ እንዲህ ነው።

ማርች 15 ቀን 1781 በጊልፎርድ ኮርትሃውስ ሜዳው የእንግሊዞች ሆነ፤ ነገር ግን ከሠራዊታቸው ከአራት እጅ አንዱ በላይ ሞተ፥ ቈሰለ፥ ጠፋም። ኮርንዋሊስ ወደ ቨርጂኒያ ሄዶ በዚያው ዓመት በዮርክታውን እጁን ሰጠ። ግሪን ራሱ በመራቸው ታላላቅ ውጊያዎች ሜዳውን ይዞ አልቀረም፤ በዲሴምበር 1782 ግን እንግሊዞች ቻርልስተንን ለቀው ወጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። የተራቆተውን ወታደር ለማልበስና ለመመገብ ግሪን ለነጋዴዎች በራሱ ስም ዋስ ሆኖ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ሳይከፍሉ ሲቀሩ ዕዳው በእርሱ ላይ ወደቀ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ፥ ኮንግረስ ለመበለቲቱ 47,000 ዶላር የፈቀደላት በ1792፥ እርሱ በ43 ዓመቱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ነገር ግን ሰውን እናመሰግናለን ብለን እውነቱን ብናድበሰብስ ታሪክ አይሆንም። የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ስለ ውለታው በሳቫና አጠገብ ሙልቤሪ ግሮቭ የተባለውን እርሻ ሰጥቶት ነበር፤ የሚታረሰውም በባሪያዎች ጉልበት ነበር። ግሪን በጦርነቱ ማብቂያ ባሪያዎች ታጥቀው እንዲዋጉና ነጻነት እንዲያገኙ ሐሳብ ያቀረበ፥ ባርነትንም የሚከላከል ቃል እንደሌለ በጽሑፍ ያመነ ሰው ነው። ዕዳ ሲጫነው ግን ባሪያዎቹን ይዞ ሩዝ ዘራ። እንግዲህ ነጻነትን ያመጣው ወታደር የለበሰው ልብስ ዋጋ ነጻነት ባላገኘው ሰው ላብ ይከፈል ዘንድ ሆነ። በ1793 ኤሊ ዊትኒ በዚያው እርሻ የጥጥ መዳመጫ መኪና ሠራ፤ በመኪናውም ምክንያት የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፥ የባርነትም ቀንበር ከበደ።

የግሪን መቃብር ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ1901 ተገኘ፤ አፅሙም በ1902 በሳቫና ጆንሰን አደባባይ ከሐውልቱ ሥር ዐረፈ። በዚያ ሐውልት ላይ የሙልቤሪ ግሮቭን ሩዝ ያበቀሉት ሰዎች ስም የለም።

እኛ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንረዳው ይህን ነው፤ ጓዝ የሚቈጥር እጅ ከጎራዴ የሚያንስ አይደለም፥ ክብሩም ሊነገርለት ይገባል። ሆኖም ስሙ እንዳይረሳ የሠጋው ሰው ራሱ የረሳቸው ሰዎች ነበሩ። የተረሳን ሰው የሚያስታውስ ሁሉ እርሱ የረሳቸውንም አብሮ ሊያስታውስ ይገባዋል፤ ያለዚያ መዝገቡ ጎደሎ ነው።