ያልተበረዘ አንድ መለኪያ

«ያልተበረዘ፣ ያልተከለሰ» የሚባለው በዚህ አገር ስለ ታሪክና ስለ ሃይማኖት ሲወራ ነው። ቀን ያልተበረዘ ታሪክ ይነገረን ብሎ ሲሟገት የዋለ ሰው፣ ማታ አረቄውን በስፕራይት በርዞ ይጠጣል።

አርሲ ነገሌ ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ከአረቄ ተነጥሎ አይነሳም። እዚያ በአንዲት ትንሽ አረቄ ቤት ጥግ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ መለኪያና አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ አለ። መለኪያዋን መጀመሪያ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ብቻ ያርሳሉ። ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ጨዋታ ይሰማሉ፣ መልሰው ያነሷታል። አንዷ መለኪያ ግማሽ ሰዓት ታቆያቸዋለች።

አጠገባቸው ያለው ወጣት ደግሞ በትልቅ ብርጭቆ ድርብ አስቀድቶ ስፕራይት ሞላበት።

«ጋሼ፣ ደረቁን እንዴት ይወርድልዎታል? ያቃጥላል እኮ!»

«ያቃጠለህ ‹ቀስ በል› ሊልህ ነው» አሉት። «አንተ ስኳር አጉርሰህ አፉን ዘጋኸው።»

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ሒሳብ አለው። ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ 40 ሚሊ ሊትር ዳግም፣ 5 በመቶ አልኮል ካለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ያላነሰ አልኮል ይዟል። ደረቁን የሚጠጣ ሰው ይህን ምላሱ ይነግረዋል። በለስላሳ የበረዘው ግን የሚያውቀው ሊነሳ ሲል እግሩ ሲከዳው ነው።

ደረቅ መጠጣት ማለት ግን ባንድ ትንፋሽ መጨለጥ አይደለም። ፊትን አጨማዶ መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ መጠረቅ ጉራ ነው፤ ጣዕሙን ያላገኘ ሰው መጠጡን አልቀመሰም። የመምህሩ ደስታ ሌላ ነው።

«የዛሬው እንዴት ነው ጋሼ?» ባለቤቷ ጠየቀቻቸው።

«ጭስ ጭስ ይላል። እሳቱ በዝቶብሻል።»

«እውነትዎን ነው። ትንሹ ልጅ አሞኝ ቸኮልኩ።»

ይህን ንግግር ስፕራይት ያለበት ብርጭቆ አያስገኘውም። አረቄ ጌሾና ብቅል ተጠንስሶ፣ እህሉ ተጨምሮ፣ ቀናት ከቆየ በኋላ ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ የሚወጣ ነው። እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ሲቀዘቅዝ ይንጠባጠባል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ያርና መጠጡ ጭስ ይሸታል። ስለዚህ አውጪዋ ጢስ ውስጥ ተቀምጣ እሳቷን መጠበቅ አለባት። የጠበቀችውና ያልጠበቀችው የሚለዩት ጠጪው ሲያጣጥም ብቻ ነው። ሁሉም በለስላሳ ከተበረዘ ግን ጎበዟም ሰነፏም በአንድ ዋጋ ትሸጣለች። ያኔ ደግሞ የሚያዋጣው መቸኮል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን ይነገር። ምላስ ጭሱን ይለያል፣ ሜታኖልን ግን አይለይም። ዓይን የሚያጠፋውና የሚገድለው ይህ መርዝ፣ በጣዕሙም በሽታውም ከተራው አልኮል የሚለይ አይደለም። ነጋዴ ለትርፍ ብሎ ከቀላቀለው የመምህሩ ምላስም አያድንም። የሚያድነው አውጪዋን ማወቅ፣ ምንጩ ካልታወቀ መጠጥ መራቅና ተቆጣጣሪው አካል ሥራውን መሥራቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ምንም ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ደረቁን መጠጣት መድኃኒት ነው የሚል ካለ ራሱን እያታለለ ነው።

ቢሆንም የሚጠጣ ሰው ይጠጣል። ከጠጣ ግን የሚጠጣውን ይወቀው፤ የማን እጅ እንዳወጣው ይጠይቅ፣ ሲያቃጥለው ይስማ።

ወጣቱ ሁለተኛ ድርቡን ሲያዝ መምህሩ ሒሳባቸውን ከፍለው ተነሱ።

«አንድ ልድገምዎት ጋሼ?» አለች ባለቤቷ።

«ይብቃኝ ልጄ። አንዷን በደንብ ጠጥቻታለሁ። ይልቅ ልጁን ሐኪም ቤት ውሰጂው» ብለው ወጡ።