በጸበሉና በሐኪም ቤቱ መካከል ስለሚመላለስ አስታማሚ

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህን ቃል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሌላውንም ሰው ስንመክርበት እንገኛለን። ነገር ግን በሽታ ሁሉ እኩል የሚደበቅ አይደለም። በእኛ በራቤል አንድ ጎልማሳ ከገደል ወድቆ እግሩ ቢሰበር ጎረቤቱ ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል፤ አንዱ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሌላው ወጌሻ ይጠራል፣ ሴቶቹም እንጀራና ጠላ ይዘው ይደርሳሉ። ያው ጎልማሳ አእምሮው ቢታወክ ግን የቤቱ ደጅ ይዘጋል። እናቱ «ብርድ መትቶት ነው» ትላለች፤ አባቱ «ሥራ ጠልቶ ነው» ይላል፤ ጎረቤቱም የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ከሌላው ሕመም የሚከፋው በራሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ከሰው በመለየቱ ጭምር ነው ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ ለአንባቢዎች ላቀርብ የወደድሁት ይህን የተዘጋ ደጅ ስለሚያንኳኳ ሰው ነው። በታላላቆቹ ሐኪም ቤቶቻችን «ሊያዞን» የሚባል ክፍል አለ፤ ቃሉ የፈረንሳዮች ሲሆን ትርጓሜው ማገናኘት ነው። ሥራውም በሽተኛን ከሐኪም ቤት ወደ ሐኪም ቤት መላክና መቀበል ነው። እኔ የምናገረው ግን ስለ ወረቀት መላላክ አይደለም። የአእምሮ ሕክምና ተምሮ፣ የታመመውን ወጣት ከቤተሰቡ፣ ቤተሰቡን ከጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያውንም ከትምህርት ቤቱና ከጸበሉ ጋር ስለሚያገናኝ ነርስ ነው። አማርኛችን ለእንዲህ ያለው ሰው መልካም ቃል አለው፤ አስታማሚ ይለዋል። አስታማሚ ማለት መድኃኒት ሰጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ከታመመው ጋር የሚያድር፣ ሲገላበጥ የሚያየው፣ ውሃ ሲለው የሚሰማው ነው።

ይህ ሥራ በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ ጥቂት ልናገር። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአማኑኤል ሐኪም ቤት ለብዙ ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሐኪም ቤት ነበረ። ልጁ የታመመበት የሩቅ አገር ሰው ጥሪቱን ሸጦ ወደዚያ ካልሄደ በቀር ሌላ የሚሄድበት ሐኪም አልነበረውም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 ግን፣ በዓለም ጤና ድርጅት ረዳትነት፣ ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። የሠለጠኑትም ወደየክፍለ አገሩ ሐኪም ቤቶች ተልከው፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ስፍራ ራሳቸው እየመረመሩና መድኃኒት እየሰጡ ያገለግሉ ጀመር። የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ2003 ነው፤ በዚያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሃያ እንኳ አይሞሉም ነበር። እንግዲህ ይህን ሸክም ከሁሉ አስቀድመው በትከሻቸው የተሸከሙት ነርሶች መሆናቸውን ልናስተውል ይገባናል።

የሸክሙንም ክብደት የሚያሳይ ምስክር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ አገር ቤት ለቤት እያስዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎችን አስጠይቀው ነበር። ብርቱ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ሆኑ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ እጅግ ያልራቀች አገር ናት። እርሷ እንዲህ ከሆነች፣ በወሎ ወሰን አጠገብ በደጋ ላይ ያለችው የእኛ ግሼ እንዴት ትሆን?

ስለ ወጣቶች ለይቼ የምናገርበትም ምክንያት አለኝ። በ2005 በአሜሪካ አገር የታተመ የታወቀ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዕድሜ ዘመን ከሚደርሱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ የሚጀምረው 14 ዓመት እስኪሞላ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከአራቱ ሦስቱ እጅ ደግሞ 24 ዓመት ሳያልፍ ይጀምራል። ይህ ዕድሜ በእኛ አገር ምን ዕድሜ እንደ ሆነ አስቡት። ልጁ ለፈተና የሚቀመጥበት፣ ከአባቱ እየተከፋፈለ ካለቀው መሬት ድርሻውን የሚጠብቅበት፣ ልጅቱም ለመዳር ወይም ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የምትታሰብበት ዕድሜ ነው። በዚህም ላይ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ሕዝቡን አስጨነቀ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ሌላ ግጭት በአማራ አገር ተነሣ። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ የሚበዙት ይበረታሉ። ነገር ግን ቤት በሚሠራበት ወራት የወረደ ዝናብ መሠረቱን እንደሚያርስ፣ በዚህ ዕድሜ የመጣ ሕመም ትምህርቱንም፣ ጋብቻውንም፣ ኑሮውንም በአንድነት ይይዛል።

በጎረቤቴ የሆነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስሙንና የቤተሰቡን ምልክት ግን ትቼዋለሁ። ልጁ የ17 ዓመት ወጣት፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለትምህርቱም ትጉህ ነበረ። አስቀድሞ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎም ከትምህርት ቤት ቀረ፤ በመጨረሻም ከግድግዳው ጀርባ ሰዎች ስለ እርሱ ሲያወሩ እሰማለሁ እያለ፣ እናቱ የምታቀርብለትን እንጀራ መርዝ አለበት ብሎ መወርወር ጀመረ። አባቱ እንዳይጠፋበት በገመድ አሰረው፤ እናቱም አልቅሳ ወደ ጸበል ወሰደችው። እዚያም ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ጥቂት ረጋ፤ ሌሊት ግን አይተኛም፣ ገመዱም ከእጁ አልወረደም።

ነርሷ ይህን ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰምታ ወደ ጸበሉ መጣች። እኔም በዚያን ቀን ከአባቱ ጋር ስለ ነበርሁ ያየሁትን እናገራለሁ። ወደ ልጁ አልሄደችም፤ አስቀድማ ወደ አጥማቂው ቄስ ቀርባ መስቀል ተሳለመችና ተቀመጠች።

«አባታችን፣ ጸበሉን ላስተወው አልመጣሁም፤ ልጁ ሌሊት እንዲተኛ እንዲረዱኝ ልለምንዎ ነው» አለች።

ቄሱም «ልጄ፣ በጸበል ያለ ሰው ክኒን ቢውጥ ጸበሉን መናቅ አይሆንምን?» ብለው ጠየቋት።

«እግሩ የተሰበረ ሰው እዚህ ሱባኤ ቢገባ ወጌሻ እንዳያስረው ይከለክሉታል?»

ቄሱ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «አልከለክልም» አሉ። ወዲያውም እንዴት እንደሚሆን ተመካከሩ፤ ልጁ እስከ ማታ የሚጾም ስለ ሆነ መድኃኒቱን ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከእህል ጋር እንዲወስድ፣ ክኒኑንም በቄሱ ፊት እንዲውጥ፣ ገመዱም መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት፣ ቀጥሎም ለግማሽ ቀን እየተፈታ እንዲታይ ተስማሙ። በዚያች ቀን አንድም የሕክምና ቃል ሳይነገር ሕክምናው ተጀመረ።

ፈተናው የመጣው በአራተኛው ቀን ማታ ነው። የልጁ አንገት ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ፤ ዓይኖቹም ወደ ላይ ተሰቀሉ። እናቱ ጮኸች። አባቱ ክኒኑን ወደ ወንዝ ሊጥል ተነሣ። ነርሷ በጨለማ በእግሯ ስትደርስ «እይ፤ መድኃኒትሽ ያደረበትን አስቆጣብኝ!» አላት። እርሷም ሳትቆጣ «አባባ፣ ይህ መድኃኒቱ በጅማት ላይ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ሊመጣ እንደሚችል የዚያን ዕለት ነግሬዎት ነበር፤ አሁን ይለቀዋል» ብላ መርፌ ወጋችው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። በማግሥቱም በደብረ ብርሃን ካለ ሐኪም ጋር በስልክ ተማክራ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር አስተውለው። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት የቆዩ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ እንዲህ ያለውን የአንገት መጣመም እንደሚያመጡ፣ በመርፌም ቶሎ እንደሚለቅ ሐኪሞች ሁሉ ያውቃሉ። አባትየው ግን ይህን ከየት ያውቃል? በዚያች ሌሊት የሚደርስለት ሰው ባይኖር ኖሮ ክኒኑ ወንዝ ይገባ ነበር፤ ወሬውም በየደብሩ ተሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ልጁ የታመመበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ሲባል ይሸሽ ነበር። መድኃኒት ብቻውን ወደ ገጠር ቢላክ መንገድ መሪ እንደሌለው እንግዳ ነው፤ የሚያስተዋውቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ልጁ ሲሻለው ሥራው አላለቀም። ነርሷ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ከመምህራኑ ጋር ተነጋገረች፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በክፍሉ ፊት ቆሞ እንዲያነብ እንዳያስገድዱት፣ መድኃኒቱ እንቅልፍ ቢያመጣበት ስንፍና ነው እንዳይሉት፣ ጓደኞቹም «እብድ» ብለው እንዳይጠሩት ለመነቻቸው። ልጁ ክፍሉን ደገመ እንጂ ትምህርቱን አልተወም። ፈጽሞ ድኗል ብዬ አልናገርም፤ መድኃኒቱን ዛሬም ይወስዳል። አባቱ ግን ስለ ልጁ ሲጠየቅ «ታሞ ነበር፤ እየታከመ ነው» ይላል። ይህ አጭር ቃል ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ያ ደጅ ተዘግቶ ያየ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

ከሊቃውንቱም ከከተማው ሰውም ሁለት ዓይነት ተቃውሞ እሰማለሁ። አንዳንዶች «ይህ የመንፈስ ሥራ ነው፤ ሐኪም ምን አገባው?» ይላሉ። ሌሎችም «ጸበል ኋላ ቀርነት ነውና ይቅር» ይላሉ። ሁለቱም ልጁን ከሁለት ይቀዱታል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ምእመናን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው የሚታወስ ነው። ለደም በሽታ የተፈቀደው ለአእምሮ በሽታ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። በ2021 የታተመ አንድ ጥናትም በአገራችን አጥማቂዎችና የአእምሮ ሐኪሞች በአንድ ጸበል ስፍራ አብረው መሥራታቸውን ገልጿል። ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጸበል ነውና፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ማግኘት ቢወድ ወደዚያ መሄድ አለበት።

ሌሎች ደግሞ «ንጹሕ ውሃ ያላገኘ አገር ስለ ጥቂት ሕሙማን ይህን ያህል መድከም አለበትን?» ይላሉ። ለእነዚህ የምመልሰው፣ ልጁ ሲታሰር የታሰረው እርሱ ብቻ እንዳልነበረ ነው። እናቱ እርሱን ትጠብቅ ዘንድ ከገበያ ቀረች፤ አባቱ ለመንገድና ለስንቅ በሬ ሸጠ፤ ታናሽ እህቱም ከብት ልትጠብቅ ትምህርት አቋረጠች። አንድ ገመድ አራት ሰው አሰረ።

ነገር ግን የዚህች አስታማሚ ሥራ በክር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአንድ ወቅት መድኃኒቱ ከሚሰጥበት ስፍራ ጠፍቶ ሕሙማን ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር፤ እርሷም ከነጋዴ ጋር ተላልካ ከሩቅ አስመጣች። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ይህ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አስቧል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም የሠለጠነችው ነርስ ወደ ሌላ አገር ስትዛወር በአንድ ቀን ብዙ ነገር ይጠፋል። የመንዝ ሰው ባና ሲያሠራ ድሩን አስቀድሞ እንደሚወጥር፣ ማጉም ያለ ድሩ እንደማይይዝ ያውቃል። ከቄሱ፣ ከመምህሩ፣ ከእናቲቱ ጋር የተወጠረው መተማመን ድር ነው፤ ክኒኑ ማግ ነው።

በሶዶ ወረዳ የተደረገውና በ2022 የታተመው ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ የአገሩ ሰዎች ጥቂት ተምረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን በየቤታቸው እየጎበኙ ቢረዷቸው፣ ሕሙማኑ ኑሯቸውን ለመምራት የተሻለ እንደሚችሉ አሳይቷል። ስለዚህ ተስፋችን በአንዲት ነርስ እግር ላይ ብቻ መጣል የለበትም።

እንግዲህ ካህናት አባቶች፣ ወደ ጸበል የመጣውን ወጣት መድኃኒት ጀምሮ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ የጀመረውንም አታስጥሉት። መምህራን ሆይ፣ የሚጮኸውን ተማሪ ብቻ ሳይሆን በድንገት ዝም ያለውንም ተመልከቱ፤ ለወላጁም ቶሎ ንገሩ። የከተማው ሽማግሌዎች፣ ነርሷ ስትዛወር ምትኳ እስኪመጣ ድረስ ወረዳውን ከመጠየቅ አትቦዝኑ። ጎረቤቶችም፣ ደጁ የተዘጋ ቤት ካያችሁ እንጀራችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ የምትናገሩት ቢጠፋችሁ እንኳ ከእናትየው ጋር ተቀመጡ።