ጠዋት የሰፈር መንገድ፣ ከሰዓት የውድድር መም

ልጅዎ አንድ ማታ እራት ላይ «ሞተር ልገዛ ነው» ቢልዎ ምን ይሉታል? ለብዙዎቻችን መልሱ ምላሳችን ላይ ነው፤ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ልጁም መልስ አያጣም። የታክሲውን ሰልፍ ያነሳል፣ የመኪናውን ዋጋ ይጠራል፣ በመጨረሻም «ደግሞ እኔ እንደነዚያ የምከንፍ አይደለሁም፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ፍጥነት ላይ ይንጠለጠላል። እርስዎ ፍጥነት ይገድላል ይላሉ፤ እሱ አልፈጥንም ይላል። ሁለታችሁም ተኮራርፋችሁ ትተኛላችሁ።

ይህን ክርክር ከነአስፋልቱ የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ ያለችው የማን ደሴት ናት። «የማን ደሴት» ሲባል «የማን ናት?» ብሎ የሚቀልድ አበሻ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ቀልድ ብቻ አይደለም። የብሪታንያ ንጉሥ ርዕሰ ብሔሯ ነው፤ እሷ ግን የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደለችም። ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ፓርላማ አላት፣ የራሷን ሕግ ታወጣለች። ስፋቷ 572 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 84 ሺህ ያህል ነው። እንግሊዝ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ከሊቨርፑል ወይም ከሄይሻም በመርከብ ጥቂት ሰዓት ተጉዞ ዋና ከተማዋ ዳግላስ ይደርሳል፤ በአውሮፕላን ደግሞ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ከራሷ ሕግ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብሪታንያ ማንኛውም ሞተር ያለው ተሽከርካሪ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድለትም ነበር፤ የሕዝብ መንገድ ዘግቶ መወዳደርም ክልክል ነበር። የደሴቷ ፓርላማ ግን እ.ኤ.አ. በ1904 መንገዶቿ ለመኪና ውድድር እንዲዘጉ ፈቀደ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1907 ደግሞ ቱሪስት ትሮፊ፣ በአጭሩ ቲቲ የሚባለው የሞተር ውድድር ተጀመረ። ያኔ ያሸነፈው ቻርሊ ኮሊየር በሰዓት በአማካይ 61 ኪሎ ሜትር ነበር የነዳው። ዛሬ ቀለበት መንገድ ላይ ሚኒባስ ይቀድመዋል።

ከ1911 ጀምሮ ውድድሩ የሚካሄደው ተራራውን በሚዞረው መንገድ ላይ ነው። አንድ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ ሞጆ የሚያቃርብ ርቀት ማለት ነው። ውድድር በሌለበት ቀን መኪና ተከራይተው ቤተሰብዎን ይዘው ዙሩት። መነሻው ዳግላስ ከተማ ውስጥ ነው። ወዲያው ብሬይ ሂል የሚባለውን ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ ግራና ቀኙ የሰው ቤት ነው፤ የእግረኛ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ በር ላይ የቆመ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ያያሉ። ከዚያ ገጠሩ ይመጣል። የድንጋይ ካብ፣ ቁጥቋጦ፣ በግ፣ ደግሞ በግ። ባላው የምትባለው መንደር ውስጥ ጀርባዋ የጎበጠ ትንሽ ድልድይ አለች፤ መኪናዎ ቀስ ብሎ ይሻገራታል፤ ልጆቹ ከኋላ ወንበር «እንደገና!» ይላሉ። ራምሲ ከተማን ሲያልፉ ዳገቱ ይጀምራል። ተራራ የሚሉት ስኔፌል 621 ሜትር ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታው የዚህ አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ቢሆንም ጭጋጉ እንጦጦን ያስንቃል። የአገሬው ሰዎች በድሮ ተረታቸው ማናናን የተባለው የባሕር አምላክ ደሴቷን ከጠላት ለመሰወር ካባውን ይጥልባታል ይላሉ። እየቆሙ ፎቶ ካነሱ ዙሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ፒተር ሂክማን በ2023 ይህንኑ መንገድ በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ዞሮታል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ነበር።

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል መንገዱ በተወሰነ ሰዓት ይዘጋል። ሲዘጋ ደግሞ ቀልድ የለም፤ መሻገር አይቻልም። ተመልካች ከሰዓታት በፊት ቦታ ይይዛል፤ ብራደን ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሻይና ኬክ እየገዛ የሚጠብቅ አለ፣ ገበሬ ሜዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ የሚቀመጥም አለ። በጎ ፈቃደኞች ባንዲራ ይዘው በየመታጠፊያው ይቆማሉ። ተወዳዳሪዎቹ አንድ ላይ አይነሱም፤ በየ10 ሰከንዱ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚለቀቁት፤ ውድድሩ ከሰዓት ጋር ነው። በመጀመሪያ ከሩቅ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ይሰማሉ። አባትየው ለልጁ ሊያሳየው ጣቱን ሲያነሳ ሞተሩ አልፏል። ከካቡ ጋር ያለው ርቀት ክንድ የማይሞላበት ቦታ አለ። የማናናን ካባ ተራራው ላይ ከወረደ ግን ሁሉም ይቆማል፤ ምክንያቱም በጭጋግ ውስጥ የሕክምና ሄሊኮፕተሩ መብረር አይችልም፤ ሄሊኮፕተር ከሌለ ውድድር የለም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ መራራ የሚሆነው። በዚህ ዙር ላይ ከ1911 ወዲህ በውድድርና በልምምድ ከ260 የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። በ2022ቱ ቲቲ ብቻ ስድስት ሰው ሞቷል። ከእነዚህ ሁለቱ በአንድ ባለሦስት ጎማ ሳይድካር ላይ የነበሩ አባትና ልጅ ናቸው፤ አባት 56፣ ልጅ 21 ዓመታቸው ነበር። የሰሜን አየርላንዱን የደንሎፕ ቤተሰብ ታሪክ ደግሞ ተራራው ላይ ያገኙታል፤ ባንጋሎው በሚባለው ቦታ የጆይ ደንሎፕ ሐውልት ሞተሩ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ጆይ 26 ጊዜ አሸንፏል፤ ከውድድር ውጪ በነበረው ጊዜ ዕርዳታ ጭኖ እስከ ሩማኒያና ቦስኒያ ራሱ መኪና እየነዳ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ያደርስ ነበር። በ2000፣ በ48 ዓመቱ፣ እዚህ ሦስት ጊዜ ካሸነፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኢስቶኒያ ውስጥ በተመሳሳይ የመንገድ ውድድር ሞተ። ወንድሙ ሮበርት በ2008፣ የሮበርት ልጅ ዊልያም በ2018 ሁለቱም አየርላንድ ውስጥ በመንገድ ውድድር ልምምድ ላይ ሞቱ። ሌላው የሮበርት ልጅ ማይክል አሁንም ይነዳል፤ በ2024 የአጎቱን የድል ክብረ ወሰን ሰብሯል። እናታቸውን ሳያስቡ ይህን ታሪክ ማንበብ የሚችል ወላጅ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ይህ መንገድ ሲዘጋ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ የሚሻገር ሰው የለም፣ ድንገት የሚታጠፍ ታክሲ የለም። ነጂዎቹ በዓለም ካሉት ሁሉ የተመረጡ ናቸው። ታዲያ የሚገድላቸው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ መሳሳታቸው ብቻ አይደለም፤ ከተሳሳቱ በኋላ የሚያርፉበት ነገር ነው። ካቡ፣ ምሰሶው፣ የሰው ቤት ግድግዳ የትም አይሄዱም። አንዳንዱ ቦታ ላይ መከላከያ ፍራሽ ይደረጋል፤ ግን 60 ኪሎ ሜትር ሙሉ ፍራሽ ማንጠፍ አይቻልም። በ1972 ጣሊያናዊው ጂልበርቶ ፓርሎቲ እዚህ ሲሞት፣ ያን ጊዜ ከሁሉ የላቀው ያገሩ ልጅ ጃኮሞ አጎስቲኒ ዳግም እዚህ አልወዳደርም አለ። አሥር ጊዜ ያሸነፈበት መንገድ ነበር። ከ1976 በኋላ ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ፤ የብሪታንያው ግራንድ ፕሪም ወደ ሲልቨርስቶን ሄደ፤ ሲልቨርስቶን ድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ የነበረ ሜዳ ነው። ፍጥነቱ አልቀነሰም። የተቀየረው የመንገዱ ዳር ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ እንመለስ፤ «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ወዳለው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ስመ ጥሩው በ1981 የወጣው፣ ሃሪ ኸርት የመራው የሎስ አንጀለስ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አደጋው ቦታ ድረስ እየሄዱ 900 የሞተር አደጋዎችን መረመሩ። ከአራቱ ሦስቱ አደጋ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተፈጠረ ነበር፤ ከእነዚህም በሁለት ሦስተኛው እጅ ቅድሚያ የነፈገው ባለመኪናው ነበር፤ ብዙውን ጊዜም «አላየሁትም» ነው መልሱ። ከአደጋው በፊት የሞተሮቹ መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ነጂው አደጋውን ለማስቀረት ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ከነጂዎቹ 92 በመቶው ሥልጠና የሚባል አልወሰዱም፤ ከጓደኛ፣ ከዘመድ ወይም ከራሳቸው ነው የተማሩት።

ስለዚህ ልጅዎ እውነቱን ነው፤ እርስዎም ልክ ነዎት። አዲስ አበባ ላይ 48 ኪሎ ሜትር እየነዳ ሳለ ሚኒባሱ ተሳፋሪ አይቶ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ይገባበታል። ዳር የቆመ መኪና በር ይከፈታል። ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ኩሬ ይመስላል፤ የፈሰሰ ናፍጣ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ምግብ የሚያደርሱልንን ልጆች ይመልከቱ፤ አብዛኞቹ እብድ አይደሉም፤ ከእብዶች መካከል የሚያልፉ ናቸው። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳውን ግን እኔም አላዝንለትም፤ ከኋላ ለተቀመጠችው ምንም ላልሰጣት ደግሞ ጭራሽ።

ደሴቷ ላይም ይኸው ይታያል። በውድድሩ መካከል ያለው እሑድ ለብዙ ዘመን «እብዱ እሑድ» ሲባል ኖሯል። መንገዱ ለሕዝብ ይከፈትና በሺህ የሚቆጠር ጎብኚ በራሱ ሞተር ጀግኖቹ የነዱበትን ሊነዳ ይወጣል። ደሴቷ ከከተማና ከመንደር ውጪ አጠቃላይ የፍጥነት ገደብ የላትም። ባለሥልጣናቱ ከልምድ ተምረው በውድድሩ ሰሞን የተራራውን መንገድ ከራምሲ ወደ ዳግላስ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ያደርጉታል። ልብስህን ለብሶ፣ ሞተርህን የመሰለ ሞተር ይዞ፣ አንተ የማታውቀውን መታጠፊያ ትናንት እንደ ጥይት ያለፈውን ሰው ማየት ለወጣት ትልቅ ፈተና ነው።

እዚያው ደሴት ላይ ግን ብዙ ጎብኚ የማይሄድበት ሌላ ቦታ አለ። ከራምሲ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲነዱ ጀርቢ ይደርሳሉ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ዛሬ የሞተር መም ነው። ልጆች ካሉዎት አጠገቡ የሞተርና የመኪና ሙዚየም ስላለ ማንም አይሰለችም። መሙ ለዓይን አይማርክም፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ዙሪያው ሣር ነው። ጥቅሙም እሱ ነው።

እንዲህ ባሉ መሞች ላይ የልምምድ ቀን ሲኖር ሥርዓቱ የትም ተመሳሳይ ነው። ነጂዎች በችሎታቸው በቡድን ይከፈላሉ። ሞተሩ ይፈተሻል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር። ከላይ እስከ ታች የቆዳ ልብስ፣ ጓንት፣ ጫማና ሄልሜት የሌለው አይገባም። ጀማሪ መታጠፊያ ላይ መቅደም አይፈቀድለትም። አምቡላንስ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ስፖኪዮው በፕላስተር ይሸፈናል፤ ከኋላ ማን እንደመጣ ማየት ሥራህ አይደለም፤ ዓይንህ ወደ ፊት ብቻ ነው።

ሰው ሞተር የሚወድበትን ምክንያትም በደንብ የሚያዩት እዚህ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጠን እንሄዳለን፤ ሞተር ላይ ግን ሰውነት ራሱ መሪ ነው። ጭንቅላት ወደሚሄድበት ይዞራል፣ ጉልበት ታንኩን ይይዛል፣ ሞተሩ ሲያዘነብል መሬቱ ወደ ትከሻ ይጠጋል። ነጂው ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ቢሮ አለቃው ማሰብ አይችልም፤ ቦታ የለውም። ሃያ ደቂቃ ነድቶ ሄልሜቱን ሲያወልቅ ፊቱን ይዩት። ይህን ደስታ ሐሰት ነው ማለት አንችልም፤ ልጃችን የሚፈልገውም እሱን ሊሆን ይችላል። መጓጓዣ ከሆነ የሚፈልገው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያኔ መም አይረዳውም፤ የሚረዳው ፍሬን አያያዝ የሚያስተምር ሰው፣ ከሩቅ የሚታይ ልብስና ሚኒባስ መቼ እንደሚታጠፍ የሚገምት ዓይን ነው።

ከሰዓት በኋላ አጥሩ ላይ ተደግፈው ቢያዩ አንዱ ጀማሪ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ያበዛና ይወድቃል። ሞተሩ ወደ አንድ በኩል፣ እሱ ወደ ሌላ በኩል ሣሩ ላይ ይንሸራተታሉ። ቢጫ ባንዲራ ይውለበለባል። ልጁ ተነስቶ ጉልበቱን ያራግፋል፣ አንገቱን ያዞራል፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የተሰበረው የፍሬን እጀታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብሬይ ሂል ላይ ወይም መገናኛ አደባባይ ላይ ይኸው ስህተት ምን እንደሚሆን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ማታ ላይ ሲነዱ የዋሉት ሞተራቸውን ጭነው ይሄዳሉ፤ በሞተራቸው የመጡት ደግሞ ፕላስተሩን ከስፖኪዮው ላይ ይልጣሉ፣ ሰሌዳቸውን መልሰው ያስራሉ፣ አንድ በአንድ ወደ በሩ ይጠጋሉ። እዚያ ሲደርሱ ሁሉም ይቆማሉ። ከግራም ከቀኝም መኪና ይመጣል።